ካሜራው የማይጠይቀው ሒሳብ
በወሲብ ንግድ ላይ ስለሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ወገንተኝነት የቀረበ ዲስኩር



 በጥሪ ካርዱ ላይ የሰፈረው ርእስ «በወሲብ ንግድ ላይ የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ሚዛናዊነት፦ ችግሮች፣ መመዘኛዎችና የመፍትሔ ሐሳቦች» ይላል። ርእሱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን ተቀብዬዋለሁ። ችግሮቹን ስለማውቃቸው ከእነሱ እጀምራለሁ፤ ለመመዘኛዎቹ ሰዓት ከተረፈን እናያለን። የውጭውን ነገር ሳወራ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ሕግ ስጠቅስ በራሳችን እቆጥራለሁ።

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። ሌሎች ሜዳ ውለው፣ አንዳንዴም አድረው ያመጡትን ምስል ተቀምጬ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ወገንተኝነት ስል ውሸት ማለቴ አይደለም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የምትሰሙት አብዛኛው ቃል በእርግጥ የተነገረ ነው። ሴትዮዋ ብላዋለች፣ ካሜራው ይዞታል። ወገንተኝነቱ የሚገባው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን ተብላ ተጠየቀች? ከመለሰችው ውስጥስ የትኛው ተቆርጦ ወለሉ ላይ ቀረ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ፊልሞች፣ ለሴቲቱ የሚያለቅሱትም ሆኑ የሚያጨበጭቡላት፣ በአመዛኙ ዘለው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ሒሳቧን። ዛሬ ማታ ስንት ገባ? ስንቱ ለአልጋ ሄደ? ስንቱ ለቤቱ ባለቤት፣ ስንቱ ለዕዳ፣ ስንቱ አገር ቤት ላሉት? ሒሳቡ ከወጣ በኋላ በታሪኩ ውስጥ የሚተርፉት ጨካኙ፣ ተበዳይዋና አዳኙ ብቻ ናቸው። አከራዩ፣ አራጣ አበዳሪው፣ የእቁብ ዳኛዋ፣ በእሷ ገንዘብ ኮሌጅ የሚማረው ታናሽ ወንድም፣ ሁሉም ይጠፋሉ። እነሱ ሲጠፉ ደግሞ ሴትዮዋ ለምን ነገም እዚያው እንደምትቆም የሚያስረዳ ነገር አይኖርም፤ ተመልካቹ ወይ «ተይዛ ነው» ይላል፣ ወይ «ወዳ ነው»።

ይህ ልማድ ከፊልም በፊት የነበረ ነው። ለንደን፣ 1885። ዊልያም ቶማስ ስቴድ የተባለ ሰው የፓል ማል ጋዜት አዘጋጅ ነበር። በሐምሌ ወር ስለ ሕፃናት ሴቶች ሽያጭ ተከታታይ ዘገባ አወጣ፤ ከተማው ተናወጠ፣ ጋዜጣው እየተነጠቀ አለቀ። በዘገባው «ሊሊ» የሚል ስም የሰጣት የ13 ዓመት ልጅ በ5 ፓውንድ ስትገዛ እናነባለን። ጸሐፊው በጽሑፉ ያልነገረን የገዛት ራሱ መሆኑን ነው። በአገናኝ በኩል ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው፤ እናትየዋ ልጄ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው ብዬ ነው የሰጠኋት ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች። ስቴድ በዚህ ጉዳይ ሦስት ወር ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ዘገባው ግን ሕግ አስለውጧል፤ በዚያው ዓመት ለወሲብ ፈቃድ መስጫ ዕድሜ ከ13 ወደ 16 ከፍ አለ። መልካም ነው። በዚያው ሕግ ላይ ደግሞ ዝሙት ቤት ያላቸውን ሰዎች መክሰስ ቀለለ፤ አከራዮች ፈርተው ሴቶቹን ከየክፍላቸው አስወጡ። ይህኛው ክፍል በታሪኩ ውስጥ ብዙም አይወራም።  

ስቴድን ያነሳሁት የዚህ ልማድ አባት ስለሆነ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ አንድ ፍጹም ምስክር ይፈልጋል፦ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ያለ ምንም የራሷ ስሌት የተወሰደች። እንዲህ ያለች ልጅ በእውነት አለች፤ የለችም የሚል ካለ አላየም። ነገር ግን ፊልሙ የሚፈልገው እሷን ብቻ ከሆነ ገበያው ያቀርብለታል። በ1998 አንድ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ስለ ካምቦዲያ በሠራው ፕሮግራም ላይ አንዲት ልጃገረድ እንዴት እንደተሸጠች ተናገረች። ያቀረበቻት ልጃገረዶችን ከወሲብ ንግድ በማውጣት ሥራዋ በዓለም ታዋቂ የሆነችው ሶማሊ ማም ነበረች። ልጅቷ አድጋ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ታሪኩ የእኔ አይደለም፣ ተለማምጄ ነው የተናገርኩት ብላ ለጋዜጠኞች ገለጸች። በ2014 ኒውስዊክ መጽሔት ጉዳዩን በሰፊው ሲያወጣ ሶማሊ ማም በስሟ ከተቋቋመው ድርጅት ለቀቀች፤ በኋላ ግን ራሷን ተከላክላ ተናግራለች። ማን እውነት እንደተናገረ ለመፍረድ አልመጣሁም። እኔን የሚገርመኝ ለዚያ ንግግር ቦታ አዘጋጅቶ የጠበቀው ፊልም ነው። ቦታው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ የጎደለው የሚሞላው ፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምወደው ጉዳይ ልምጣ። የሕንዷ ኮልካታ፣ ሶናጋቺ።

በ2005 መጀመሪያ የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማትን ለ«ቦርን ኢንቱ ብሮትልስ» ሰጠ። ዳይሬክተሮቹ ዛና ብሪስኪና ሮስ ካውፍማን ናቸው። ብሪስኪ ፎቶ አንሺ ናት፤ በሶናጋቺ፣ በከተማው ትልቁ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር፣ ሴቶቹን ልታነሳ ገብታ ከልጆቻቸው ጋር ተዋደደች። ካሜራ ሰጠቻቸው፣ አስተማረቻቸው። ፊልሙን ካያችሁ የልጆቹን ፎቶዎች አትረሷቸውም። ባልዲ፣ ጣሪያ ላይ ያለች ልጅ፤ ያነሳው ሰው ቤቱ ስለሆነ የሚያየው ነገር ነው። እኔ ፊልሙን ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። በሙያው ጥሩ ፊልም ነው፤ ለዚህ ነው የምከራከረው።

የፊልሙ ሞተር ብሪስኪ ልጆቹን አዳሪ ትምህርት ቤት ለማስገባት የምትሮጠው ሩጫ ነው። ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች፣ የደም ምርመራ ታስደርጋለች፣ ለአንዱ ልጅ ፓስፖርት ትለምናለች። እናቶቹስ? እናቶቹ በጠባቡ ኮሪደር ሲጮኹ፣ ሲሳደቡ፣ ልጅ ሲያዝዙ እናያቸዋለን። ፊልሙን አይቶ የሚወጣ ሰው በዚያ ሰፈር ከፎቶ አንሺዋና ከጥቂት የትምህርት ቤት ሰዎች በቀር ለእነዚህ ልጆች የሚጨነቅ የለም ብሎ ነው የሚወጣው።

አሁን ደግሞ በዚያው ሰፈር፣ በእነዚያው ዓመታት የነበረውን ስሙ። በ1992 ዶክተር ስማራጂት ጃና የተባሉ ሐኪም በሶናጋቺ የኤችአይቪ መከላከያ ሥራ ጀመሩ። እሳቸው በሰፈሩ ጤና የሚያስተምሩ ሰዎችን ከውጭ አላመጡም፤ ሴቶቹን ራሳቸውን አሠለጠኑ። ከዚያ ሥራ በ1995 «ዱርባር» የተባለ የሴቶቹ ማኅበር ወጣ፤ በኋላ በምዕራብ ቤንጋል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አፍርቷል። ክሊኒክ አለው፣ ለልጆች ትምህርት ያስተምራል፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ወደ ሥራው እንዳይገቡ የሚቆጣጠር የራሱ ቦርድ አቋቁሟል።

እኔ የማልጠግበው ግን ባንኩን ነው። በዚያው በ1995 ሴቶቹ «ኡሻ» የተባለ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ለምን? መደበኛ ባንክ አድራሻሽ የት ነው፣ ሥራሽ ምንድን ነው ይላል፤ መልስ የላትም። ስለዚህ ገንዘቧ የሚቀመጠው በቤቱ እመቤት እጅ ወይም በፍራሹ ሥር ነው፤ ልጅ ሲታመም ወደ አራጣ አበዳሪ ትሄዳለች። አራጣውን ለመክፈል ደንበኛ መምረጥ ትተዋለች፣ ያለ ኮንዶም የሚለውንም እሺ ትላለች። ዶክተሩ ያስተዋሉት ይህንን ነው፤ ኮንዶም ማደል ብቻውን ዕዳ ያለባትን ሴት አያድንም። ኅብረት ሥራውን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ታዲያ ችግር ተፈጠረ። የክልሉ ሕግ አባላት «መልካም ጠባይ» ያላቸው መሆን አለባቸው ይላል። ባለሥልጣናቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ መውጫ አሰቡላቸው፦ የቤት እመቤት ብላችሁ ተመዝገቡ። ሴቶቹ እምቢ አሉ። በሥራችን ስም ካልሆነ አንመዘገብም አሉ። ተከራከሩ፣ ተመላለሱ፣ በመጨረሻ ያ አንቀጽ ተነሳላቸውና በሥራቸው ስም ተመዘገቡ። ሰብሳቢዎች በየቀኑ በየበሩ እየዞሩ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ በደብተር ይጻፋል። የእኛ እቁብተኛ ይህን ሲሰማ ምንም እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ ሁሉ በብሪስኪ ፊልም ውስጥ አንዲት ቃል የለችም።

ፊልም ሁሉን ሊይዝ አይችልም የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እኔም ለኑሮዬ ስል ይህንኑ እላለሁ። ፊልሙ ስለ ልጆች ነው፣ ስለ ማኅበር አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ ገንዘብ አለ! የልጆቹ ፎቶ ኒው ዮርክ ሄዶ በሶዘቢስ ጨረታ ሲሸጥ እናያለን፣ ሰዎች ሲያጨበጭቡ እንሰማለን። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ታሪክ ሆኖ ገብቷል፤ እናቶቹ የሚያወጡት፣ የሚያስገቡት፣ የሚቆጥቡት ግን በወጉ አይነገርም። አንዲት እናት ልጇን አዳሪ ትምህርት ቤት አልልክም ስትል ፊልሙ ስግብግብ ወይም ደንቆሮ አድርጎ ይተዋታል። ቤቱ በማን ገቢ እንደሚቆም ብናውቅ ኖሮ ያው «አይሆንም» ሌላ ድምፅ ይኖረው ነበር። ስህተት ላይ ናት ልንል እንችላለን፤ ግን አሳቢ ሰው ሆና ነው የምትሳሳተው።

ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። በፊልሙ የትርጉም ሥራ ላይ የተሳተፉት ፓርታ ባነርጂ ለአካዳሚው ደብዳቤ ጻፉ፤ ዱርባርም ቅሬታውን አሰማ። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ሕንድ ውስጥ ለሕዝብ አልታየም፤ የተሰጠው ምክንያት የልጆቹና የእናቶቻቸው ደኅንነት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁንና ሊመልሱለት የሚችሉት ሰዎች ያላዩት ፊልም በሌላው ዓለም ሁሉ ፊታቸውን እያሳየ ዞረ።

ወደ አገራችን ልመለስ። እዚህ ያላችሁ አብዛኞቹ የሙያ ሰዎች ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ቀይ መብራት፣ ከጉልበት በታች የተቀረጸ ባለ ተረከዝ ጫማ፤ ይህቺን ሾት ያልተጠቀመ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ማንም የለም! አዲስ አበባ ውስጥ ቺቺንያም ሄደን፣ አውቶቡስ ተራም ሄደን የምናመጣው ያንኑ ጫማ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ወጣት ዳይሬክተር ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ የቀረጸውን ምስል አመጣልኝ። ገንዘቡን የሰጠው አንድ ድርጅት ነው፣ ስሙ ይቆይ። ሴትዮዋ ሠላሳ የሚሆናት፣ ፊቷ በጥላ የተሸፈነ። ጠያቂው ከጀርባ «ይህን ሥራ ስትሠሪ ምን ይሰማሻል?» ይላታል። «የሚሰማኝማ የኪራይ ቀን ሲደርስ ነው» አለችው። ከዚያ ሳይጠይቃት ከትራስ ሥር የልጇን ያረጀ የሒሳብ ደብተር አወጣች። በጀርባው በኩል የራሷን ሒሳብ ጽፋበታለች። ጣቷን እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ክፍሉ የሚከፈለው በቀን ነው፤ ሠራችም አልሠራች፣ ታመመችም ዳነች። ከሾርት፣ ማለትም ከአጭር ጊዜ ደንበኛ፣ የሚገኘውና ከአዳር የሚገኘው በሁለት ዓምድ ተለይቷል። ለዘበኛው በየማታው፣ ለእቁብ በየሳምንቱ፣ ለትምህርት ቤት በየወሩ። ለእናቷ የምትልከው በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ነበር፤ እናትየዋ ልጄ ሆቴል ቤት ካሸር ናት ብለው ነው የሚያስቡት፣ ስለዚህ እንደ ደመወዝ በወር መጨረሻ መድረስ አለበት፣ ቀን ካለፈ ጥያቄ ይመጣል። ንባቡ ረጅም ነው፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። በሙያ ዘመኔ እጄ ከገቡት ምስሎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ያ ነው።

ድርጅቱ የመጀመሪያውን ቅጂ አይቶ «ይህ ክፍል ስሜት የለውም» አለ። ተከራከርን፤ ዳይሬክተሩም ከእኔ ጋር ነበር። የመጨረሻው ቅጂ በሌላ እጅ አለቀ። ደብተሩ ወጣ፤ የቀረው ልቅሶዋ ነው። ልቅሶው ደግሞ ስለ ሥራዋ አልነበረም፣ ስለ ሟች ወንድሟ ተጠይቃ ነው ያለቀሰችው። ከ«ምን ይሰማሻል?» በኋላ ሲቀጠል ግን ሌላ ልቅሶ ሆነ።

ሒሳቡ ለመጥፋቱ ስፖንሰሩን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ሕጉም እጁ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሴቷን አይከስም፤ የሚከሰው በእሷ ገቢ የሚጠቀመውን ነው፤ የሚያቀርባትን፣ የሚደልላትን፣ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰውን። ሐሳቡ እሷን ለመጠበቅ ነው። በካሜራ ፊት ግን የሚሆነውን አስቡት። ባለ ቡና ቤቱ ሒሳብ እንዲነገር አይፈልግም፣ አከራዩም አይፈልግም። እሷ ኪራይ ስንት እንደምትከፍል ብትናገር ነገ ማደሪያ ታጣለች። ስለ ስሜቷ ብትናገር ግን ማንም አይነካትም። ስለዚህ ስሜቷን ትሰጠናለች። እኛም «ደፋር ምስክርነት» ብለን እናቀርበዋለን።

ሒሳቡን የማይዘሉ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ፤ ፊልም ሠሪዎች ግን አይደሉም። ላቀች ድራሴ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የአዲስ አበባን ሴተኛ አዳሪነት ከከተማዋ ኢኮኖሚና ማኅበራዊ ግንኙነት ጋር አያይዛ አጥንታዋለች። ቤተልሔም ተኮላ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናቷ ድህነቱንና ሴቶቹ የሚኖሩበትን ማኅበራዊ ዐውድ ቀርባ አይታለች። ሁለቱንም ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ሰው ሁሉ ማንበብ ነበረበት። ስንቶቻችን አንብበናል? እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም።

የመድረኩ ሰብሳቢ ወረቀት ልከውልኛል። «አሥር ደቂቃ» ይላል፤ ከሥሩም «መመዘኛዎቹ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እሺ።

በፍጥነት፦ ተቃራኒው ወገንም ከወገንተኝነት ነጻ አይደለም። ሾሂኒ ጎሽ የተባለች ሕንዳዊት በ2002 «ቴልስ ኦቭ ዘ ናይት ፌሪስ» የተባለ ፊልም ስለ ሶናጋቺ ሠርታለች፤ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ ሁሉም ከዱርባር፣ ራሳቸው ይተርካሉ። ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዘፍናሉ። «ቦርን ኢንቱ ብሮትልስ» ያጠፋቸውን ሰዎች እዚህ ታገኛላችሁ። ግን የሚናገሩት የተደራጁት ናቸው። ትናንት ከገጠር የመጣችው፣ ማኅበሩን የማታውቀው፣ የመጀመሪያ ዕዳዋን ለአምጪዋ እየከፈለች ያለችው ሴት እዚያም ድምፅ የላትም። የመሪ ሒሳብና የአዲስ መጤ ሒሳብ አንድ አይደለም።

ገንዘቡን ከነቆሻሻው ያሳየው ከማውቃቸው ውስጥ የማልወደው ፊልም ነው። አውስትራሊያዊው ዴኒስ ኦሩርክ በ1991 «ዘ ጉድ ውማን ኦቭ ባንኮክ»ን ሠራ። ሴትዮዋን ያገኛት ደንበኛ ሆኖ ነው፣ ይህንንም አይደብቅም። ከዚህ ሥራ እንድትወጣ የሩዝ እርሻ ገዛላት፤ ከዓመት በኋላ ሲመለስ ባንኮክ ውስጥ እየሠራች አገኛት። ብዙዎች አውግዘውታል፣ እኔም ቁጭ ብዬ ስመለከተው ይቀፈኛል። ቢሆንም የቀራጩ ገንዘብ በፍሬሙ ውስጥ አለ፤ ስቴድ የደበቀውን 5 ፓውንድ ይህ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። የሚቀፈንም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለተነገረን።

መመዘኛዎቹን እንግዲህ ሳልተነትን ላንብብ። የመጀመሪያው፦ ሴትዮዋ ስለ ገቢና ወጪዋ ተጠይቃለች ወይ? መልሷስ የት ደረሰ? ሁለተኛው፦ በሰፈሩ ያለ ክሊኒክ፣ ማኅበር፣ እድር ተጠቅሷል ወይስ ፊልሙ ራሱን ብቸኛ አዳኝ አድርጓል? ሦስተኛው፦ ለፊልሙ ማን ከፈለ፣ ለተቀረጹትስ ተከፍሏል? ኦስትሪያዊው ሚካኤል ግላዎገር በ2011 በታይላንድ፣ በባንግላዴሽና በሜክሲኮ በሠራው ፊልም ለተቀረጹት ሴቶች ከፍሏል፤ መክፈል ምስክርነትን ያበላሻል የሚል ክርክር አለ፣ አለመክፈልም ያበላሻል። አራተኛው፦ የንዑስ ጽሑፉን ትርጉም ከዳይሬክተሩ ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አይቶታል ወይ? አምስተኛው ላይ ብዙ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ፈቃድን ስለ ማንሳት ነው። ሴትዮዋ ዛሬ እሺ ትላለች። ልጇ አድጎ ስልክ ይዞ ዩቲዩብ ላይ የሚያገኛት ቀን ይመጣል፤ ያኔ «አውርዱልኝ» ብትል ስልክ የሚያነሳላት ማን ነው? ጣቢያው ሰው ቀይሯል፣ የድርጅቱ ፕሮጀክት አልቋል። ስለዚህ ከቀረጻ በፊት በሚፈረመው ወረቀት ላይ ይህን ጥያቄ የሚቀበል ሰው ስምና ስልክ ይጻፍ፣ ቅጂውም በእሷ እጅ ይቅር። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ ረቂቁን አዘጋጅቼ መግቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ቅጂው ለሁሉ ስለማይበቃ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲዩሰሮች ቅድሚያ ውሰዱ።

የመፍትሔ ሐሳቦቹን በጥያቄና መልስ ሰዓት እናነሳቸዋለን።